ኢንስቶለሩ ስለ ኪቦርድ ሲጠይቃችሁ አትቸኩሉ

ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኢንስቶል ስናደርግ ብዙ ሰው ሳያነብ የሚያልፈው አንድ ገጽ አለ። ቋንቋ ይመረጣል፤ የኪቦርድ ዝርዝር ይመጣል፤ እጅ በልማድ «ቀጥል» የሚለውን ይጫናል። ትንሽ ቆይቶ ዲስክ የሚከፈልበት ገጽ ሲመጣ ያው ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እያንዳንዱን መስመር ደጋግሞ ያነባል። ልክ ነው፣ እዚያ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ግን ከዚያ ጥንቃቄ ለኪቦርዱም ገጽ ድርሻ ሊደርሰው ይገባል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ፓስወርድ ነው። ከኪቦርዱ ገጽ ብዙም ሳትርቁ ፓስወርድ አውጡ ትባላላችሁ። የምትጽፉት በነጠብጣብ ተሸፍኖ ነው የሚታየው። ያላሰባችሁት ምልክት ቢገባ የሚነግራችሁ የለም። ሁለት ጊዜ ጻፉ መባሉም አያድንም። ያው ቁልፍ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ያላሰባችሁትን ምልክት ያስገባል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ኢንስቶለሩ ደስ ብሎት ያልፋል። እናንተ አንድ ፓስወርድ በጭንቅላታችሁ ይዛችኋል፤ ሲስተሙ ሌላ ይዟል።

ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ቁልፍ ስንጫን ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ኪቦርድ ፊደል አያውቅም። ቁልፉ ላይ የታተመው ለእኛ ዓይን ነው። ስንጫነው ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ የሚናገር ቁጥር ብቻ ነው። ከታብ በስተቀኝ ያለችውን የመጀመሪያ ቁልፍ እንውሰድ። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል 16 ይላታል። የአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ኪው ታትሞባታል። የፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ እዚያው ቦታ ያለው ኤ ነው። ከርነሉ ግን ለሁለቱም 16 ይላል። (ኤክስ የሚባለው የግራፊክስ ሥርዓት በዚህ ቁጥር ላይ 8 ይጨምርበታል። እዚያ ስትመረምሩ 24 ብታገኙ አይግረማችሁ።) 16 ማለት የትኛው ፊደል ነው? ይህን የሚወስነው ሌይአውት የምንለው ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ኤክስኬቢ ይባላል፤ መግለጫው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ዛሬ ዌይላንድ የሚባል አዲስ የግራፊክስ ሥርዓት ኤክስን እየተካው ነው፤ የሌይአውት ፋይሎቹ ግን እነዚያው ናቸው።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ራሱ ለምን አያውቀውም? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዩኤስቢ ስታንዳርድ ኪቦርድ የየትኛው አገር እንደሆነ የሚናገርበት አንድ ቦታ አዘጋጅቶለታል። አብዛኞቹ አምራቾች ግን እዚያ ላይ ዜሮ ጽፈው ይተዉታል። ስለዚህ ኢንስቶለሩ ከቋንቋችሁና ከአገራችሁ ተነስቶ ይገምታል። ቁልፎቹን ማየት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ግምቱ ሲሳሳት ቶሎ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። የጀርመን ሌይአውት ላይ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። የፈረንሳይ ላይ ኤ ከኪው፣ ደብልዩ ከዜድ ተለዋውጠዋል፤ ኤም ወደ ኤል አጠገብ ሄዷል፤ ቁጥር ለመጻፍ ጭራሽ ሺፍት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ስህተት አንድ መስመር ሳትጽፉ ይጋለጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአሜሪካና የእንግሊዝ ነው። ፊደላቱ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ስማችሁን ብትጽፉ በሁለቱም ልክ ይመጣል። ልዩነቱ ምልክቶቹ ላይ ነው። ሺፍት ይዛችሁ 2ን ስትጫኑ አሜሪካ ላይ «@» ይመጣል፣ እንግሊዝ ላይ «"»። ሺፍት ይዛችሁ 3ን ስትጫኑ አሜሪካ ላይ «#»፣ እንግሊዝ ላይ «£»። የእንግሊዙ «@» ያለው ከኤል በስተቀኝ ሁለተኛዋ ቁልፍ ላይ ነው፤ የአሜሪካው «"» የሚወጣባት ቁልፍ ላይ ማለት ነው። ሁለቱ ምልክቶች ቦታ ተቀያይረዋል።

አንዲት ጓደኛዬ ያጋጠማት ነገር ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። ላፕቶፗ የእንግሊዝ ኪቦርድ ነው ያለው። ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ስትጭን ኪቦርዱን አሜሪካ እንዳለ ትታው አለፈች። ዲስኩን ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ ኢንክሪፕት አደረገች። ፓስወርዷ ውስጥ «@» ነበረበት። እሱ የታተመባትን ቁልፍ ተጫነች። ሲስተሙ አሜሪካ ላይ ስለነበር የመዘገበው «"» ነው። አላወቀችም፤ የምታውቅበትም መንገድ አልነበረም። ኮምፒውተሩን በከፈተች ቁጥር ያችኑ ቁልፍ ትጫናለች፣ ያው «"» ይገባል፣ ዲስኩ ይከፈታል። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ምልክቶቹ ከታተመው ጋር አለመግጠማቸው ሰለቻት። ዴቢያን ላይ ይህ ቅንብር የሚቀመጠው ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት በሚባለው ፎልደር ስር፣ ኪቦርድ በሚባል አጭር ፋይል ነው። ፋይሉን ከፍታ አሜሪካ የሚለውን በእንግሊዝ ተካችው። ሁሉም ነገር ተስተካከለ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ስታበራም ዲስኩ እንደ ወትሮው ተከፈተ። ከሳምንታት በኋላ የከርነል አፕዴት መጣ። ጫነችው፣ ሪስታርት አደረገች። ከዚያ ደወለችልኝ።

«ፓስወርዴን አልቀበልም አለኝ። ምንም አልነካሁም እኮ!»

መደንገጧ ከድምጿ ያስታውቃል። ሥራዋ ሁሉ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ዲስኩ ሳይከፈት ፓስወርድ የሚጠይቀው ፕሮግራም ያለው ኢኒትራምኤፍኤስ በሚባል ትንሽ ጥቅል ውስጥ ነው። ዋናው ሲስተም ገና ተቆልፎ ስለሆነ ከእሱ ምንም ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ሌይአውቱን ራሱ ውስጥ ገልብጦ ይይዛል። ፋይሉን በእጇ ስታርመው ጥቅሉ አልተነካም፤ የአሜሪካውን ሌይአውት እንደያዘ ቀረ። አዲሱ ከርነል ሲመጣ ግን አዲስ ጥቅል ተሠራለት፣ አዲሱን ሌይአውት ይዞ። አሁን «@» የታተመባትን ቁልፍ ስትጫን በእርግጥም «@» ይገባል። ዲስኩ የሚያውቀው ደግሞ «"»ን ነው።

«እሷን ቁልፍ ተያትና ሺፍት ይዘሽ 2ን ተጫኚ» አልኳት። ተከፈተ። (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከርነሉን ከሚያስነሳው ከግረብ ሜኑ የድሮውን ከርነል ብትመርጥም ይከፈትላት ነበር፤ የድሮው ጥቅል የድሮውን ሌይአውት ይዟልና።) ከዚያ ረጋ ብለን፣ እያየን፣ የዲስኩን ፓስወርድ በትክክለኛው ሌይአውት እንደገና አወጣን።

ይህን ታሪክ የምወደው ምንም የተበላሸ ነገር ስላልነበረበት ነው። ከርነሉ፣ ጥቅሉ፣ ዲስኩ፣ ሁሉም የተባሉትን በትክክል ፈጽመዋል። ጥፋቱ የተዘራው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለት ሰከንድ በታለፈች ገጽ ላይ ነው። የበቀለው ከወራት በኋላ ነው። በዚህ መሃል የተደረገው ሁሉ ደግሞ ተገቢ ነገር ነበር።

አንድ ማሽን ላይ ሌይአውት የሚመለከታቸው ቦታዎች ከአንድ በላይ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስብም። ግረብ አለ፤ እሱ ካልተነገረው በቀር የአሜሪካን ሌይአውት ነው የሚያውቀው። ዲስካችሁን የሚከፍተው ግረብ ራሱ ከሆነ ፓስወርዳችሁን በአሜሪካ ሌይአውት ነው የምትጽፉት፤ ዴስክቶፑ ላይ የመረጣችሁት አይደርሰውም። ቀጥሎ ኢኒትራምኤፍኤስ አለ። ቀጥሎ ጥቁሩ የጽሑፍ ኮንሶል፣ ቀጥሎ የሎጊን ገጽ፣ መጨረሻ ላይ ዴስክቶፑ። ኖም ወይም ኬዲኢ በሚባሉት ዴስክቶፖች ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኪቦርድ ስትቀይሩ በአብዛኛው የቀየራችሁት የመጨረሻውን፣ ያውም ለራሳችሁ አካውንት ብቻ ነው። ስለ ሲስተሙ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሎካልሲቲኤል የሚባለውን ኮማንድ ተርሚናል ላይ ጻፉ። የኮንሶሉንና የግራፊክሱን ሌይአውት ለየብቻ ያሳያችኋል። ሁለቱ ሲለያዩ ካያችሁ ያኔውኑ አስተካክሉት።

አርች የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚጭኑ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሁሉንም በእጃቸው ነውና የሚሠሩት። መጀመሪያ ሎድኪስ የሚለውን ኮማንድ ጽፈው የኢንስቶለሩን ሌይአውት ይቀይራሉ። ያ ግን የሚያገለግለው ለዚያ ሰዓት ብቻ ነው። ለተጫነው ሲስተም ቪኮንሶል የሚባለው ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። ኢኒትራምኤፍኤሱን የሚሠራው ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥም ሌይአውቱን የሚጭነው ክፍል ዲስኩን ከሚከፍተው ክፍል በፊት መምጣት አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሌይአውቱ የሚጫነው ፓስወርዱ ከተጠየቀ በኋላ ይሆናል። ያኔ ምን ይጠቅማል?

እኔ ኪቦርዱን የማየው ኢንስቶለሩን ከማስነሳቴ በፊት ነው። ኢንተር ሁለት ረድፍ የያዘ ከሆነ፣ የግራው ሺፍት አጭር ሆኖ በእሱና በዜድ መካከል አንዲት ተጨማሪ ቁልፍ ካለች፣ ኪቦርዱ አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ዓይነት ነው። ሙሉው 105 ቁልፍ አለው፤ የአሜሪካው 104። ከዚያ 2 እና 3 ላይ የታተሙትን ምልክቶች አያለሁ። እንደ ኡቡንቱ ያሉ ኢንስቶለሮች መሞከሪያ ሳጥን ያቀርባሉ። እባካችሁ እዚያ ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ አትለፉ። ፊደል ምንም አይነግራችሁም። ምልክቶቹን ጻፉ፦ «@»፣ «#»፣ «"»፣ «~»፣ «|»፣ ሰረዞቹን፣ ቅንፎቹን። እያንዳንዱን ስትጫኑ ቁልፉን ተመልከቱ፣ ከዚያ ስክሪኑን። አንድ እንኳ ካልገጠመ ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ። ፓስወርድ ሳጥኑ አጠገብ የዓይን ምልክት ካለ ተጫኑትና የገባውን አንብቡ።

የዲስክ ፓስወርድን በተመለከተ ደግሞ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ምልክት ከሚበዛበት አጭር ፓስወርድ ይልቅ በትንንሽ የላቲን ፊደላት የተጻፉ፣ እርስ በርስ የማይዛመዱ ብዙ ቃላት እመርጣለሁ። ሲረዝም ይጠነክራል፤ በአሜሪካም በእንግሊዝም ሌይአውት አንድ ዓይነት ነው። ፈረንሳይና ጀርመን ድረስ አስባለሁ ካላችሁ ኤ፣ ኪው፣ ደብልዩ፣ ዜድ፣ ኤም እና ዋይ የሌሉባቸውን ቃላት ምረጡ። ሌላም መላ አለ። ሊኑክስ ዲስክ ኢንክሪፕት የሚያደርግበት ሉክስ የሚባለው ሥርዓት ለአንድ ዲስክ ከአንድ በላይ ፓስወርድ ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ትውልድ 8፣ ሁለተኛው እስከ 32። ሁለተኛ ፓስወርድ ጨምሩ፣ እሱንም በእነዚህ ሌይአውቶች በማይለወጡ ፊደላት ብቻ።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል።

የኤክስኬቢ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ። ግን የምታገኙት በየትኛው ኮድ ነው? ብዙዎች የአማርኛ የቋንቋ ኮድ ኤ-ኤም መሆኑን ስለሚያውቁ እሱን ይጽፋሉ። የሚመጣላቸው አርመንኛ ነው! ኤክስኬቢ ሌይአውቶቹን በአብዛኛው የሰየመው በአገር ኮድ ነውና፤ ኤ-ኤም የአርሜኒያ የአገር ኮድ ነው። የእኛው ያለው በኢትዮጵያ ኮድ በኢ-ቲ ስር ነው። ኢ-ቲ ደግሞ በቋንቋ ኮድ ኢስቶኒያኛ ነው፤ የኢስቶኒያ ኪቦርድ ግን ኢ-ኢ ተብሎ ተቀምጧል። አንዱ ፋይል በቋንቋ፣ አንዱ ፋይል በአገር ነው የሚያስበው። ሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) ስትመርጡ ኤ-ኤም፣ ሌይአውት ስትመርጡ ኢ-ቲ። ይህችን ያዙ።

ሌይአውቱን ካገኛችሁ በኋላስ? እኔ በኢንስቶል ጊዜ አልመርጠውም። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ኪቦርድ ላይ ፊደልና ምልክት የሚጽፉ ቁልፎች ቢበዛ 48 ገደማ ናቸው። እያንዳንዱ ብቻውን፣ ከሺፍት ጋር፣ ከቀኝ አልት ጋር እና ከሁለቱም ጋር ሲቆጠር አራት ምልክት ይይዛል። ሲባዛ 192 ነው። የእኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው። ይህ ሏን፣ ቋን፣ አራት ነጥብንና ነጠላ ሰረዝን ሳይጨምር ነው። አንድ ቁልፍ ለአንድ ምልክት የሚለው አሠራር ለግዕዝ ፊደል ይጠበዋል። የሰንጠረዡ ባሕርይ ይህ ነው።

ለዚህ ነው ኢንፑት ሜተድ የሚያስፈልገው። እሱ የሚቀመጠው ከሌይአውቱ በላይ ነው። ቁልፍ ስትጫኑ ወዲያው አይወስንም፤ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሴራ የሚባለው አጻጻፍ ላይ እንዲህ ይሆናል። ኤስን (s) ስትጫኑ ስ ይታያል፤ ኢን (e) ስታስከትሉ ስ ወደ ሰ ይለወጣል። ኤልን (l) ስትጫኑ ል፤ ኤን (a) ስታስከትሉ ላ። ኤም፣ ም። ሰላም። ሳድሱ ባዶውን ተነባቢ ይወስዳል፤ አናባቢው እየመጣ ፊደሉን ይቀርጸዋል። ትንሹ ቲ ት ነው፣ ትልቁ ጥ። ሽ ኤክስ ላይ ናት። ሴራን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። ያኔ ግዕዝ የዓለም ፊደላት ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ ገና አልገባም፤ የገባው በ1999 ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመላክ የታሰበ ሥርዓት ዛሬም ጣታችን ላይ መኖሩ ያስደንቀኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሲስተሙ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አይባስ የሚባለውን የኢንፑት ሜተድ ሥርዓት ሴራን ከያዘው ከኤም17ኤን ስብስብ ጋር የሚያገናኘውን ፓኬጅ ጫኑ። ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ። ኖም ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ፣ እዚያ ኢንፑት ሶርስ የሚለው ላይ አማርኛ ሴራን ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ሱፐር (የዊንዶውስ ምልክት ያለባት ቁልፍ) እና ስፔስ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ። ካፕስ ሎክን መቀያየሪያ የሚያደርጉም አሉ። ሌላው የኢንፑት ሜተድ ጥቅም አቋራጮቹ አለመረበሻቸው ነው። ከስር ያለው ሌይአውት ላቲን ስለሆነ አማርኛ ላይ ሆናችሁም ኮንትሮል ሲ ኮፒ ያደርጋል።

በግዕዝ ፓስወርድ ማውጣት የሚያምራቸው አሉ፤ ስሜቱ ይገባኛል። ግን ተዉት። ኢንፑት ሜተዱ ፓስወርድ ሳጥን ውስጥ በአብዛኛው አይሠራም፤ ግረብና ኢኒትራምኤፍኤስ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ዴቢያን ይህን ስለሚያውቅ ላቲን ያልሆነ ሌይአውት ከመረጣችሁ ላቲኑንም አብሮ ያስቀምጥና በየትኛው ቁልፍ መቀያየር እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ያን ጥያቄም አንብቡት። የመረጣችሁትን ቁልፍ ካላስታወሳችሁ ሎጊን ገጹ ላይ ትቸገራላችሁ።

የዴቢያን ኢንስቶለር ራሱ በአማርኛ ይናገራል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በግራፊክሱ ኢንስቶለር ብቻ ነው፤ በጽሑፉ ስሪት አማርኛን አታገኙትም። የሊኑክስ የጽሑፍ ኮንሶል በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው፤ የዩኒኮድ ዋናው የግዕዝ ክፍል ብቻውን 384 ቦታ አለው። ሆኖም ኮንሶል ሴትአፕ የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ለግዕዝ የተሠሩ የኮንሶል ፎንቶች አሉ፤ ስማቸው ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ ነው። ዴስክቶፕ በሌለው ማሽን፣ በጥቁር ስክሪን ላይ ግዕዝ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። መጻፉ ነው የሚቸግረው፤ እዚያ ኢንፑት ሜተድ የለም።

ኢንስቶለር የሚሠሩ ሰዎችን ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። አንደኛ፣ ፓስወርድ የሚጻፍበት ሳጥን ሁሉ አጠገብ አሁን ያለው ሌይአውት ስሙ ይጻፍ፤ ዲስኩን በሚከፍተው ገጽ ላይም ጭምር። ጓደኛዬ ያን ቀን «እንግሊዝ» የሚል አንድ ቃል ብታይ ባልደነገጠች። ሁለተኛ፣ ሰው አማርኛን በቋንቋነት ሲመርጥ ኢንፑት ሜተዱ አብሮ ይጫንለት። በአማርኛ ሜኑ ተቀብሎት በአማርኛ መጻፍ የማይችል ሲስተም መስጠት ግማሽ ሥራ ነው። ዴቢያንም ፌዶራም እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚቀበሉበት ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ አላቸው። የሁለተኛውን ጥያቄ ረቂቅ ጽፌያለሁ፤ የቀረኝ አማርኛን መርጬ ከባዶ መጫንና የትኞቹ ፓኬጆች እንደጎደሉ ዝርዝሩን ማያያዝ ነው።